ኪዮስክና የሕሙማን ትምህርት፦ መሣሪያው ማንን ይደርሳል?

መግቢያ

የሕክምና ምክር ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ተነግሮ ያልቃል። ሐኪሙን ሌሎች ተረኞች ይጠብቁታል፤ ታካሚውም የሰማውን ሁሉ ይዞ አይወጣም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከቀረቡት መፍትሔዎች አንዱ፣ ታካሚው ስክሪኑን በጣቱ እየነካ በድምፅ፣ በሥዕልና በቪዲዮ የሚማርበት፣ በተራ መጠበቂያ ስፍራ የሚቆም ኮምፒውተር ነው። በጥናቶች ዘንድ «ኪዮስክ» በሚል ስም ይታወቃል። መሣሪያው በከንቱ የሚያልፈውን የመጠበቂያ ጊዜ ለትምህርት ያውላል፤ ሰው ፊት ለመጠየቅ የሚያሳፍረውንም ጉዳይ ታካሚው ብቻውን እንዲመለከት ዕድል ይሰጣል። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው በእርግጥ ይጠቀምበታልን? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአሜሪካ በተካሄዱ ሁለት ጥናቶች መሠረት ይመረምራል።

የቺካጎው ጥናት

ቤን ገርበርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት በቺካጎ ከተማ በ5 የሕዝብ ክሊኒኮች የተካሄደ ነው። 244 የስኳር ሕሙማን በዕጣ በሁለት ቡድን ተከፈሉ። አንደኛው ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ በኮምፒውተር የሚሰጥ ትምህርት ሲያገኝ፣ ሌላው የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኘ። ትምህርቱ ረጅም ጽሑፍና ውስብስብ ምርጫ የሌለበት፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ የተዘጋጀ ነበር።

183 ተሳታፊዎች የአንድ ዓመቱን ክትትል ፈጸሙ። በደም ስኳር፣ በክብደት፣ በደም ግፊትም ሆነ በዕውቀት ረገድ በቡድኖቹ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። በኮምፒውተር የተማሩት ሰዎች ግን ሕመሙ ለሚያስከትላቸው ጉዳቶች ተጋላጭ መሆናቸውን ይበልጥ ተገነዘቡ፤ ይህም ለውጥ ጎልቶ የታየው የጤና መረጃን የመረዳት አቅማቸው ዝቅተኛ በሆኑት ላይ ነው። በአንጻሩ በኮምፒውተሩ ረዘም ላለ ጊዜ የተጠቀሙት አቅማቸው ከፍ ያለው ነበሩ። ስለዚህ ትምህርቱን ማቅለል ብቻውን አጠቃቀሙን እኩል አላደረገውም።

የሴንት ሉዊሱ ጥናት

ማቲው ክሮይተርና ባልደረቦቹ በሴንት ሉዊስ ያካሄዱት ጥናት ትኩረቱን በስፍራ ላይ አደረገ። ስለ ጡት ካንሰር ለአፍሪካዊ አሜሪካውያን ሴቶች የተዘጋጀው ኪዮስክ በጤና ጣቢያዎች ብቻ ሳይሆን በውበት ሳሎኖች፣ በአብያተ ክርስቲያናት፣ በቤተ መጻሕፍትና በሕዝብ የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ጭምር ተተከለ። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2007 ከ10 ሺህ በላይ አጠቃቀሞች ተመዘገቡ። ኪዮስኩ በብዛት የተነካበት፣ ተጠቃሚዎቹም የጤና መድን የሌላቸው ወይም የጡት ራጅ የት እንደሚነሡ የማያውቁ ሴቶች በብዛት የተገኙበት ስፍራ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ነበር።

ውይይት

ሁለቱ ጥናቶች በሕመሙም ሆነ በዘዴያቸው ስለሚለያዩ ውጤታቸው በቀጥታ አይመዛዘንም። ሆኖም አንድ ነገር ያመለክታሉ፦ የኪዮስክ ፋይዳ በይዘቱ ብቻ ሳይሆን በሚቆምበት ስፍራና በተጠቃሚው ሁኔታም ይወሰናል። ልብሱ እስኪታጠብ የሚጠብቅ ሰው ጊዜው የራሱ ነው፤ በክሊኒክ ያለው ግን ስሙ ሲጠራ እንዳያመልጠው ጆሮውን አቅንቶ ይቀመጣል። ሕመም፣ ሥጋትና ለመሣሪያው እንግዳ መሆን ሲታከሉበት፣ ስክሪኑን ለመንካት የሚነሣው አስቀድሞም የተሻለ መረጃ ያለው ሰው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ልዩነትን ለማጥበብ የታሰበው መሣሪያ ራሱ ልዩነትን ያሰፋል።

ማጠቃለያ

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም የቀረበ ነው። በብዙ ጤና ተቋማት ጠዋት ላይ ተራ ለሚጠብቁ ተገልጋዮች በቃል የጤና ትምህርት ይሰጣል። ይህ ልማድ ማንበብ ለማይችለውም ይደርሳል፤ ያልገባው ሰው መልሶ ይጠይቃል። ኪዮስክ ቢታሰብ ይህን ልማድ የሚያግዝ እንጂ የሚተካ ሊሆን አይገባም፤ በአካባቢው ቋንቋ የሚናገር መሆንና አጠቃቀሙን የሚያሳይ ሰው ማግኘትም ይኖርበታል። ግምገማውም ስክሪኑ ስንት ጊዜ እንደተነካ ከመቁጠር አልፎ፣ ማን እንደነካውና ማን ሳይነካው እንዳለፈ መመዝገብ ይገባዋል።