‹ለምለም› ስለሚለው ቃል ትርጓሜና አገባብ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ‹ለሽ› የሚባል ቅጽል አለ፤ ትርጓሜውም ለምለም ማለት ነው። ሣሩ ርጥብ፥ ቅጠሉ ብዙ፥ ቡቃያው የሰባ የሆነውን ስፍራ ለመግለጽ ይነገራል። ጓደኛው ‹ላክሹሪያንት› ከላቲን የመጣ ሲሆን መትረፍረፍንና ከልክ ማለፍን ያመለክታል። ‹ፈርታይል› የሚለው ቅጽል ግን ከሁለቱ ይለያል፤ ይህ የሚነገረው ፍሬ ለሚሰጥ መሬት ነውና።

በአማርኛም ልዩነቱ የታወቀ ነው። ለምለም የሚባለው ከመሬት በላይ የሚታየው ሣርና ቅጠል ነው፤ ለም የሚባለው ግን አፈሩ ነው። ለምለም መስክ፥ ለምለም ቄጤማ ይባላል፤ ለም መሬት፥ ለም አፈር ይባላል። ቄጤማውን ለም የሚል ሰው የለም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅም በጋሻ የተለካውን መሬት ለም፥ ለም ጠፍ፥ ጠፍ ብሎ በሦስት ከፈለው እንጂ ለምለም የሚል ደረጃ አላቆመም።

ይህ ልዩነት ለምዕራብ ጎጃም ትልቅ ጉዳይ ነው። በክረምት ማለፊያ ከመራዊ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የሚጓዝ ሰው አገሩን ሁሉ አረንጓዴ ለብሶ ያየዋል፤ በመራዊ ዙሪያ ያለው ባሕር ዛፍም በበጋ እንኳ አይጠወልግም። በቆጋ ግድብ ከሚለማው 7,000 ሄክታር ገደማ መሬት ላይም ቡቃያው በበጋ ይታያል። ነገር ግን ልምላሜውን ያመጣው ብዙ ዝናብ ራሱ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን ከቀዩ አፈር እያጠበ ስለሚወስድ፥ አፈሩ በብዙ ስፍራ ኮምጣጣ፥ ማለት አሲዳማ ሆኗል። የአሲድ መለኪያው ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፎረስም በአፈሩ ተይዞ ለተክሉ አይደርስም። በዚህ ጊዜ ገብስና ስንዴ ፈጥነው ይጎዳሉ። ባሕር ዛፍ ግን ኮምጣጣውን አፈር ስለሚችል ለምልሞ ይታያል።

ቡቃያም ቢሆን ከልክ በላይ መለምለሙ ሁልጊዜ የጥጋብ ምልክት አይደለም። ጤፍ ቅጠሉ ሲበዛና አገዳው ሲለሰልስ በነፋስና በዝናብ ይጋሽባል፤ የጋሸበውም ፍሬው ይቀንሳል።

እንግዲህ አንድ ሹም ‹ወረዳው ለምለም ነው› ብሎ የጻፈው ደብዳቤ በበላይ መሥሪያ ቤት ‹መሬቱ ለም ነው› ተብሎ ከተተረጐመ፥ ኖራ የሚያስፈልገው ገበሬ ያለ ኖራ ይዘራል፤ ማዳበሪያ ገዝቶ ቢበትንም ከድካሙ የሚያገኘው ጥቂት ነው። ስለዚህ በማናቸውም መግለጫ ለምለም የሚለው ቃል ዓይን ላየው ብቻ ይግባ። ለም ብሎ ለመጻፍ ግን አስቀድሞ ከእርሻው ከልዩ ልዩ ስፍራ አፈር ተወስዶ ይመርመር፤ ያለፉት ዓመታት ምርትም ከባለ እርሻው ይጠየቅ። አፈሩ ኮምጣጣ ሆኖ ከተገኘ በምርመራው ልክ የተፈጨ ኖራ ከዘር አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል፤ ፍግና ኮምፖስትም ይጨመርበት። የኖራ ድንጋይ በዓባይ በረሃ በደጀን አጠገብ ስለሚገኝ፥ የሚያስፈልገው መጠን በጊዜ ተጠይቆ ከሰኔ በፊት ለገበሬው እንዲደርስ ማድረግ የሹሙ ፈንታ ነው።

ልምላሜ በመስከረም ይታያል፤ የመሬት ለምነት ግን የሚታወቀው በአውድማ ነው።