ብርና ሊሬ በጐንደር ገበያ

ኢጣልያኖች ጐንደርን መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በያዙ ጊዜ የደጋው ሕዝብ ይገበያይ የነበረው በማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ግን ሕጋዊው ገንዘብ ሊሬ ብቻ እንዲሆን ዐወጁ። ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው ብሩ በራሱ ዋጋ ያለው፥ ተቀብሮም የማይበላሽ ንዋይ ነው፤ የወረቀቱ ዋጋ ግን ካሳተመው መንግሥት ዕድሜ አያልፍም። ስለዚህ ገበሬው እህሉን በሊሬ ከመሸጥ በጐተራው ማቈየትን መረጠ። የሚያስገርመው፥ ብሩን የከለከለው መንግሥት ራሱ ማተሚያውን ከወረራው አስቀድሞ ከቪየና አግኝቶ በሮማ ብር ያስቀርጽ ነበር!

የገንዘቡ ትእዛዝ ብቻውን ሕዝቡን ለጦርነት ያነሣው ነበር ለማለት ያስቸግራል። ጠመንጃ መግፈፉና ሰው ያለ ፍርድ መግደሉ ሲጨመርበት ግን፥ በ1929 ዓ.ም. ክረምት መገባደጃ በጌምድርና ጐጃም ተነሡ፤ በአርማጭሆም ደጃዝማች ውብነህ ተሰማ (አሞራው) ጠላትን ዕረፍት ነሡት።

የአሜሪካ ሰፋሪዎችም እ.ኤ.አ. በ1773 በቦስተን ወደብ ሻይ ወደ ባሕር የጣሉት ሻዩ ረክሶ በቀረበበት ጊዜ ነው፤ ያስቈጣቸው ሳይጠየቁ የተጣለባቸው ቀረጥ ነበር።

ጄኔራል ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በጐንደር እጁን ሰጠ። ማርያ ቴሬዛ ግን በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ እስኪወጣ ድረስ ከገበያው አልጠፋችም።