የመስመር እድሳት ሲደረግ ክሊኒኩ እንዴት ሥራውን ይቀጥላል?

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ የኤሌክትሪክ መስመሮች ከምሰሶ ወርደው በመሬት ውስጥ ተቀብረዋል። ጌጃ ሰፈር በሚገኝበት በልደታ ክፍለ ከተማ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ከተሠራ 50 ዓመት አልፎታል። ሕንፃ ሲያረጅ ሽቦው አብሮ ያረጃልና እድሳት አይቀርም። እስኪታደስ ድረስ ግን በኦክስጅን የሚተነፍሰው ሕፃን ምን ይሁን?

የፕሮጀክት ሠራተኞች አስቀድመው ክፍል ለክፍል እየዞሩ ሊቋረጥ የማይገባውን እንዲለዩ እንመክራለን። የክትባት ማቀዝቀዣ በሩ ካልተከፈተ ጥቂት ይታገሣል፤ የኦክስጅን መሣሪያ ግን አይታገሥም። ስለዚህ የተሞላ የኦክስጅን ሲሊንደር ከአልጋው አጠገብ ይቁም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠበቃል። አንዳንዶች በረዶ ሲበዛ የሚሻል ይመስላቸዋል፤ የቴታነስና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ግን ከበረደ ይበላሻል።

ጄኔሬተሩ ባዶውን ስለጮኸ ብቻ ይሠራል አይባልም። መብራት ከመቋረጡ ቀናት አስቀድሞ እውነተኛውን ሸክም ተሸክሞ ይፈተን። የውኃ ፓምፕ ሲነሣ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኃይል ስለሚስብ መሣሪያዎቹ ተራ በተራ እንጂ በአንድ ጊዜ አይነሡ።

በተለይ አጥብቀን የምናሳስበው ስለ መቀየሪያው ነው። ጄኔሬተርና የመንገዱ መስመር በምንም መንገድ መገናኘት የለባቸውም። ከተገናኙ ከክሊኒኩ የወጣው 220 ቮልት በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ኋላ ሲሄድ ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ያድጋል፤ መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል። ጄኔሬተርን በሁለት ጫፍ ሶኬት ከግድግዳ ጋር ማያያዝ በየሰፈሩ የሚታይ ልማድ ነው፤ በእኛ ፕሮጀክቶች ፈጽሞ አይደረግ።

መብራት ሲመለስም አይቸኮል። ኒውትራሉ በደንብ ካልታሰረ 220 የሚፈልገው መሣሪያ እስከ 380 ቮልት ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ይለካ፤ ከዚያ መሣሪያዎቹ ይሰኩ። ባለ ሦስት ፌዝ ፓምፕ እየዞረ ውኃ ካልሰጠ ወይም ካነሰ፣ ሁለት ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠው ወደ ኋላ እየዞረ እንደሆነ ይጠርጠር።

ለምእመናን አንድ ነገር እንጨምር። ጄኔሬተር ለመግዛት የሚዋጣ ገንዘብ ቶሎ ይገኛል፤ ለናፍጣው፣ ለዘይቱ፣ ለፊልትሮውና ሌሊት ለሚጠብቀው ሰው የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው። እድሳቱ ለሳምንታት ሲቆይ ሥራውን የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ የእነዚህ መጉደል ነው።