ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም

በወህኒ ቤት ያለ ሰው ጠባዩን ያሳመረ እንደ ሆነ፣ የቅጣቱ ዘመን ሳይፈጸም ሊለቀቅ ይችላል። ይህም አመክሮ ይባላል፤ ትርጓሜው መፈተን ነው። የተለቀቀውም ሰው ቃል ይገባል፤ የሚጠብቀውም ሹም አለው። ቃሉን ቢያፈርስ ወደ ወህኒ ይመለሳል።

በአሜሪካ አገር፣ አዮዋ በሚባለው ግዛት፣ አንድ ሰው በቼክ በማታለሉ ታስሮ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. በአመክሮ ተለቀቀ። ከሰባት ወር በኋላ ግን እንደ ገና ተያዘ። «በሐሰት ስም መኪና ገዝቶ ያለ ፈቃድ ነዳ፤ ስለ መኖሪያውም ሐሰት ተናገረ» የሚል ክስ ቀረበበት። የአመክሮ ሸንጎውም የሹሙን ጽሕፈት ብቻ አይቶ ወደ ወህኒ መለሰው፤ እርሱን ግን ጠርቶ አልሰማውም።

ሰውየውም አቤት አለ። በ1972 ዓ.ም. የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ሰጠ። ፍርዱም ይህ ነው፤ ለተከሳሹ ክሱ ተጽፎ ይሰጠው፤ ማስረጃው ይታየው፤ ራሱ ቀርቦ ይናገር፤ ምስክርም ያቅርብ፤ የሚሰማውም ዳኛ ለማንም የማያደላ ይሁን፤ የፍርዱም ምክንያት ይጻፍ። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ ወህኒ ሳይገቡ ቅጣታቸው በገደብ ለቆየላቸው ሰዎች ይኸው ሥርዓት ጸናላቸው።

ፍርድ ቤቱ ሰውየው ንጹሕ ነው አላለም፤ ይሰማ አለ እንጂ። ክስ ማለት ጥያቄ ነው፤ ጥያቄም መልስ ሳይሰማ ፍርድ አይሆንም።

እንዲህ ያለ ክስ የደረሰበት ሰውም መሸሽ አይገባውም፤ መሸሹ ሌላ ጥፋት ይሆንበታልና። ይልቁንም ክሱን አንብቦ፣ የሕግ ዐዋቂ ጠይቆ፣ ምስክሩንና ጽሕፈቱን ይዞ በቀጠሮው ቀን ይቅረብ። ያጠፋውን አጥፍቻለሁ፣ ያላጠፋውን አላጠፋሁም ይበል።

ልጆች ሆይ፣ ከእናንተ መካከል አንዱ ቀድሞ እርሳስ ሰርቆ ተቀጥቶ ይሆናል። ዛሬም ሌላ እርሳስ ቢጠፋ ሁሉም ወደ እርሱ ይመለከታል። ነገር ግን የትናንቱ ጥፋት ለዛሬው ምስክር አይሆንም። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» ይባላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ሲመልስም እስከ መጨረሻው አድምጡት።