የሠርግ ቤት ጌጥ ምን ይናገራል?



ሠርግ ሲቃረብ ከሁሉ አስቀድሞ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ «ዲኮሩ ምን ይሁን?» የሚለው ነው። መልሱም ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከፎቶግራፍ ነው፤ ሌላው ያደረገውን አይቶ ያንኑ አብልጦ ማድረግ። ከዚህም የተነሣ በብድር ባጌጠ አዳራሽ ለአንድ ቀን ተቀምጠው ዕዳውን ለብዙ ጊዜ የሚከፍሉ ሙሽሮች አሉ። ወጪውን ፈርተው ጋብቻቸውን የሚያዘገዩም አሉ። እንግዲህ ለጓደኞቻችን ሠርግም ሆነ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን በዓል ቦታ የምናሰናዳ እኛ ወጣቶች፥ ነገሩን ከሥሩ ልንማረው ይገባናል።

1ኛ. ማስጌጥና ቦታ ማሰናዳት

ማስጌጥ በነበረው ላይ ውበት መጨመር ነው። ቦታ ማሰናዳት ግን ከዚህ ይሰፋል። እንግዳው ደጁን ሲያልፍ የዕለት ኑሮውን በስተኋላው ትቶ ወደ በዓሉ እንዲገባ ማድረግ ነው። ይህም በዐይን ብቻ አይፈጸምም።

የአባቶቻችንን ዳስ እንመልከት። ዳስ ሲጣል ምሰሶው ይቆማል፥ ጣራው ቅጠል ይለብሳል፥ መሬቱ ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል። እንግዳው ሲገባ እግሩ ለምለም ይረግጣል፤ አፍንጫው የቅጠልና የዕጣን ሽታ ይቀበላል፤ ጆሮው ከበሮና እልልታ ይሰማል። ማንም ሳያስረዳው ሰውነቱ ሁሉ «ዛሬ ደስታ ነው» ይለዋል። ይህን የሚሠሩት ደግሞ የሠፈር ወጣቶች እንጂ በብዙ ገንዘብ የተቀጠሩ ባለሙያዎች አልነበሩም።

2ኛ. ሐሳቡ አንድ ይሁን

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 13 ቀን 1490 ዓ.ም. በኢጣልያ በሚላኖ ከተማ፥ ለመስፍኑ ለጃን ጋሌያትሶ ስፎርዛና ለሙሽራይቱ ለኢዛቤላ ክብር ታላቅ ግብዣ ተደርጎ ነበር። የግብዣውን ትርኢት ቦታ ያሰናዳው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው። የሠራውም ለሁለት እንደ ተከፈለ ዕንቁላል ያለ፥ ውስጡ በወርቅ የተለበጠ ሰማይ ነበር። ከዋክብቱ በመብራት ተመስለው፥ ሰባቱ ፕላኔቶች በየማዕርጋቸው ተቀምጠውበት ነበር። ይህ የመሳፍንት ወጪ ነውና ልንከተለው አንችልም። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር እንማርበታለን፤ ወርቁም፥ መብራቱም፥ ዜማውም የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ፥ ስለ ሰማይ ነበር።

እኛም ከመግዛታችን በፊት ሙሽሮቹን እንጠይቅ። የተገናኙት የት ነው? ወላጆቻቸው በምን ሥራ አሳደጓቸው? ወቅቱስ ምንድር ነው? ለምሳሌ ሙሽራው የሸማኔ ልጅ ቢሆን፥ «ድርና ማግ» የሚለው ሐሳብ ለሠርጉ ይበቃል፤ ሁለት ክሮች ተላልፈው አንድ ልብስ ይሆናሉና። ከሙሽሮቹ መቀመጫ በስተጀርባ ነጭ ሸማ ይዘረጋል፤ የጥለቱም ቀለም በጠረጴዛው ልብስና በጥሪው ወረቀት ላይ ይደገማል። የአባቱ መወርወሪያ በመግቢያው ቢቀመጥ ከውድ አበባ ይልቅ ይናገራል። ከዚህ ሐሳብ ጋር የማይስማማው ነገር ምንም ያህል ቢያምር ይቀራል። ወጪ የሚቀነሰውም ከሁሉ በፊት እዚህ ላይ ነው።

3ኛ. መንገዱ ይታሰብ

ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ማሳየት ደካማ አሠራር ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን ሕንፃ ልብ ብለን እንይ፤ ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ወደ ውስጥ በተጠጋን መጠን ክብሩ ይጨምራል። በኦሪት ዘጸአት የተጻፈው የድንኳኑ ሥራም እንዲሁ ነው። በአደባባዩ ያለው መሠዊያ በናስ ተለበጠ፤ በውስጥ ያለው ዕቃ ግን በወርቅ ተሠራ።

ለሠርግም ቢሆን ደጁን፥ መግቢያውንና አዳራሹን ለይተን እናስብ። ደጁ የሚጠራ፥ መግቢያው ረጋ የሚያደርግ፥ አዳራሹም የሚያስደስት ይሁን። የጥምቀት ዕለት ታቦታቱ በሚያልፉበት ጎዳና ወጣቶች ምንጣፍ እያነጠፉ፥ ደግሞ እየጠቀለሉ ወደ ፊት ሲሮጡ እናያለን። አስፋልቱ ያው የዘወትሩ አስፋልት ነው፤ ያከበረው በትክክለኛው ሰዓት የተነጠፈው ምንጣፍና የወጣቶቹ ጉልበት ነው።

4ኛ. እንግዳው ይቅደም

ጥሩ ቦታ የሚፈተነው በፎቶግራፍ ሳይሆን በተቀመጠበት ሰው ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን እናስተውል።

ሀ. አሳላፊው ትሪ ይዞ የሚያልፍበት መንገድ በወንበሮቹ መካከል ይተው።
ለ. የድምፅ ማጉያው ወደ ሽማግሌዎቹ ጆሮ አይዙር፤ የተጠራ ዘመድ መጨዋወት ይፈልጋል።
ሐ. በጠረጴዛ ላይ የሚቆም አበባ ፊት ለፊት የተቀመጡትን አይጋርድ።
መ. ምርኩዝ የያዘ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ያለ ደረጃ የሚገባበት በር ይኑር።
ሠ. ዕጣኑ ምግብ ከመቅረቡ አስቀድሞ ይጢስ።
ረ. ሻማ ከመጋረጃና ከደረቀ ሣር ይራቅ፤ መውጫ በሮችም በጌጥ አይዘጉ። በድንኳን ውስጥ እሳት ቢነሣ ሰው የሚድነው በክፍት በር ነው።

5ኛ. ጌጥ የማይችለው ነገር

በመጽሐፈ አስቴር ምዕራፍ 1 የንጉሥ አርጤክስስ ግብዣ ተጽፎአል። መቶ ሰማንያ ቀን ክብሩን ካሳየ በኋላ ሌላ የሰባት ቀን ግብዣ አደረገ። ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው መጋረጃዎች ከብር ቀለበትና ከዕብነ በረድ ዓምድ ላይ ተሰቅለው ነበር። ነገር ግን በሰባተኛው ቀን ንጉሡ ከሚስቱ ከንግሥት አስጢን ጋር ተጣላ። ያ ሁሉ መጋረጃ ትዳሩን አልያዘለትም።

ወደ ቃና ዘገሊላ ብንሄድ ግን ወንጌላዊው ስለ ቤቱ ጌጥ አንዳች አልነገረንም። የነገረን ወይን ጠጅ እንደ ጎደለ፥ ስድስት የድንጋይ ጋኖችም እንደ ነበሩ ነው። የእመቤታችንም ዐይን ያረፈው በጎደለው ላይ ነበር። እኛም ቦታ ስናሰናዳ «ምን እንጨምር?» ከማለታችን በፊት «ለእንግዳው ምን ጎደለው?» እንበል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ የሙያችንን ድርሻ እንውሰድ። ሥዕል የሚችል ይሣል፤ መስፋት የምትችል ትስፋ፤ መብራት የሚያውቅ ገመዱን ይዘርጋ፤ ጉልበት ያለው ምሰሶ ያቁም። ለባልንጀሮቻችን በእጃችን ያሰናዳነው ዳስ ከገንዘብ ስጦታ አያንስም፤ በማግሥቱም ዕዳ ትቶላቸው አይሄድም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፤

1. በአካባቢያችን ሠርግ ላይ ቢቀር እንግዳው የማያጣው ወጪ የቱ ነው?
2. በክፍላችን ካሉት ወጣቶች ዳስ ለመጣል የሚረዳ ሙያ ያለው ማን ማን ነው?
3. ለሚመጣው በዓላችን አንድ ሐሳብ እንምረጥ ብንል ምን እንመርጣለን? ስለ ምንስ?