ከፀሐይ ሙቀት ኤሌክትሪክ ስለ ማውጣት

የፀሐይ ኤሌክትሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ብርሃንን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ሰሌዳ ነው። እኔ የማስረዳው ግን ከሙቀቷ ስለሚገኘው ነው። ለመሆኑ ይህ ዘዴ በላስታ ገጠር በኩራዝ ለሚያጠና ተማሪ ይጠቅመዋልን?

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1821 ጀርመናዊው ሊቅ ቶማስ ዜቤክ ሁለት ልዩ ልዩ ብረታ ብረቶችን ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ አንዱን መጋጠሚያ ሲያሞቅ፣ አጠገቡ የነበረው የኮምፓስ መርፌ ዘወር አለ። ምክንያቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ነበር። ልብ በሉ፤ ጅረቱን የሚያመጣው ሙቀት ብቻውን አይደለም፤ አንዱ ሲሞቅ ሌላው ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። ሁለቱ እኩል ቢግሉ ምንም አይገኝም።

በዚህስ አገራችን የታደለች ናት። በላሊበላ በቀትር ፀሐይ የጋለ ድንጋይ እጅ ሲያቃጥል፣ ጥላ የገባ ሰው ጋቢ ይደርባል።

እስቲ እናስላው። ከፍታችን 2,500 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በፀሐይ ምድጃ የፈላ ውሃ አንዱን መጋጠሚያ ቢያሞቅ፣ ሌላው በእንስራ ባደረ የ12 ዲግሪ ውሃ ቢነከር፣ ልዩነቱ 80 ዲግሪ ይሆናል። ብረትና ኮንስታንታን የሚባለው የመዳብና የኒኬል ድብልቅ ለአንድ ዲግሪ ልዩነት የሚሰጡት፣ አንድ ቮልት ሚሊዮን ቦታ ቢከፈል 50 እጁን ያህል ነው። ስለዚህ አንዱ ጥንድ 0.004 ቮልት ብቻ ይሰጣል፤ የአንድ ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ለማግኘት 375 ጥንድ መቀጣጠል አለበት!

ሌላም ችግር አለ። ብረት ኤሌክትሪክን እንደሚያሳልፍ ሁሉ ሙቀትንም ስለሚያሳልፍ የጋለው ወገን ቀዝቃዛውን ቶሎ ያሞቀዋል። ኤሌክትሪክን አሳልፎ ሙቀትን በማገድ ከቢስመትና ከቴሉሪየም የሚሠራው ውሁድ ይሻላል። ማሪያ ቴልክስ የተባለችው ሳይንቲስት በ1954 የፀሐይን ሙቀት በሌንስ ሰብስባ ከመቶው ከ3 እጅ በላይ ኤሌክትሪክ አገኘች። በ2011 አሜሪካ ውስጥ ያለ ሌንስ፣ በጠፍጣፋ ሰሌዳ 4.6 እጅ ተገኘ። የዛሬው የብርሃን ሰሌዳ ግን 20 እጅ ያህል ይሰጣል። እንግዲህ ለመብራት ብቻ የሚፈልግ የብርሃኑን ሰሌዳ ይግዛ እላለሁ።

ነገር ግን የቀረው 95 እጅ ሙቀት ሁሉ አይጠፋም። አብዛኛው በቀዝቃዛው ወገን ስለሚወጣ፣ በዚያ በኩል ውሃ ብናሳልፍ ለደጋው ብርድ ሙቅ ውሃ እናገኛለን። ውሃው ግን ቶሎ ቶሎ ካልተለወጠ ቀዝቃዛው ወገን ይሞቅና ኤሌክትሪኩ ይቀንሳል፤ ውሃ ከምንጭ በጀርባ ለሚቀዳበት መንደር ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።