የቡታጋዝ ሲሊንደር አሞላልና አያያዝ

በጣና ዳርቻ ዓሣ አጥባችሁና ጠብሳችሁ የምትሸጡ ማኅበራት፤ ሲሊንደር ስታስሞሉ በሚዛን አስመዝኑ። አካሉ ላይ የተጻፈው የባዶ ክብደት 14 ኪሎ፣ የሚይዘው ጋዝ 12.5 ኪሎ ከሆነ፣ ሲሞላ ከ26.5 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ጋዙ በፀሐይ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ከአንዱ ሲሊንደር ወደ ሌላው ራሳችሁ አትገልብጡ።

ስታጓጉዙ አቁማችሁ እሰሩት። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ በጀልባ ወለል ላይ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ በጀልባ ላይ ሲጋራ አታጭሱ።

ሬጉሌተሩን ከገጠማችሁ በኋላ መገጣጠሚያውን የሳሙና ውኃ ቀቡት፤ አረፋ ካወጣ ጋዝ ያፈስሳል። በክብሪት ፈጽሞ አትፈትሹ።

ጋዝ ከሸተታችሁ እሳት አትጫሩ፤ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። ሲሊንደሩን ዝጉ፤ በርና መስኮት ክፈቱ፤ ሰዉን ሁሉ ወደ ውጭ አውጡ።